የተሰረዙት አምስት መስመሮች

እኔ ተቆጪ ሰው አይደለሁም። ሰፈሩ ያውቃል። የጎረቤት ዶሮ ጎመኔን ለቅማ ስትጨርስ እንኳ «ሂጂ እናቴ፣ ይበቃሻል» ብዬ ነው የምሸኛት። ልጄ «አንቺ እኮ ሌባ ቢገባ ወንበር የምታቀርቢ ነሽ» እያለች ትስቅብኛለች። ስለዚህ ያን ዓርብ ጆሮዬ ሲግል የደም ግፊቴ ተነሣ ብዬ ክኒን ዋጥኩ። ክኒኑ ምንም አልፈየደም። ቁጣ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ነገሩ የመጣው በአንድ ወረቀት ነው። የልጄ ልጅ ከትምህርት ቤት ገባች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ምሳ አልፈልግም አለች። ከዚያ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

«ሦስተኛ ወጣሁ፣ ዓባየይ» አለችኝ።

ዓባየይ በዚህ አገር አያቴ ማለት ነው። እኔ አፌን በአማርኛ የፈታሁ ወሎዬ ነኝ፤ እሷ መቐለ ተወልዳ፣ ቀዳማይ ወያነ የሚባለው ሰፈር ያደገች ልጅ ናት። አማርኛ ስታወራኝ እንኳ ያቺን ቃል አትለውጣትም።

ሦስተኛ መውጣት ለሌላ ልጅ ጥሩ ነው፣ ሽሮ ተሠርቶ የሚበላበት ነው። ለእሷ ግን በር መዘጋት ነበር። እዚያው እያደሩ ሒሳብና ሳይንስ የሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት ከየትምህርት ቤቱ በፈተና ሁለት ሁለት ልጅ እንደሚቀበል ከተነገራቸው ጀምሮ ይቺ ልጅ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ሁለት ልጅ ነው የሚሄደው። ሦስተኛዋ ከአርባኛዋ እኩል ናት።

ወረቀቱን ዘረጋሁት። አምስት ጥያቄ ነው። አራቱ ላይ ቀይ የልክ ምልክት አለ። ብዙ ነጥብ የያዘው አምስተኛው ከዳር እስከ ዳር በቀይ ተሰርዟል፤ ከጎኑ ዜሮ፣ ከዜሮው ሥር ደግሞ «ሥርዝ ድልዝ። የተቀዳ» ይላል።

«ማንን ነው የቀዳሽው?» አልኳት። ለምን እንዲያ ብዬ እንደጠየቅኋት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መሞከሪያ ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣች። ከዚያ «አንቺን» አለችኝ።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ እንደፈታችልኝ እነግራችኋለሁ። አንድ ቁጥር ተሰጥቷል፤ 1,234,567። ሕፃን ሲቆጥር የሚለው ዓይነት ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሰባት ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው የሚያቆመው። መምህሩ የጠየቀው ይሄ ቁጥር ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም፣ ካልሆነ ማንና ማን ተባዝተው እንደወለዱት ፈልጋችሁ አሳዩ ነው። በትምህርት ቤት ብቸኛ የሚሉት ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም እኩል የማይከፍለውን ቁጥር ነው። እኔ የገባኝ በድንጋይ ነው። አንዳንድ የድንጋይ ክምር አለ፣ በስንት ረድፍ ብትደረድሩት እኩል አልመጣ የሚል፤ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ይጎድላል ወይ ይተርፋል። እንደ አሥራ ሦስት፣ እንደ አርባ አንድ። ግንብ አይሆንም፣ አንድ ረጅም ሰልፍ ብቻ ነው የሚሆነው።

እንግዲህ አንድ ሚሊዮን ከምናምን ድንጋይ አለ፤ በእኩል ረድፍ ይደረደራል ወይስ አይደረደርም?

ልጅቷ በር በር እያንኳኳች ነው የሄደችው። መሞከሪያ ወረቀቷን አሳየችኝ። መጨረሻው ጎዶሎ ስለሆነ በሁለት አይሆንም። ከአንድ እስከ ሰባት ያሉት ሲደመሩ ሃያ ስምንት ነው፤ ሃያ ስምንት በሦስት እኩል አይገባም፣ ስለዚህ ቁጥሩም አይገባም። መጨረሻው ዜሮም አምስትም አይደለም፣ በአምስት ቀረ። በሰባት ሲካፈል አምስት ይተርፋል። በአሥራ አንድ አራት። በአሥራ ሦስት ዘጠኝ። እንዲህ እያለች ብቸኛ ብቸኞቹን ብቻ እየመረጠች ሠላሳ በር አንኳኳች። ሠላሳኛው መቶ አሥራ ሦስት ነበር፤ እሱም አርባ ሁለት አስተርፎ መለሳት። ሌላ ልጅ ቢሆን እዚያ ላይ ብቸኛ ነው ብሎ ጽፎ ይወጣ ነበር። እንዲያ ያሉም ብዙ ናቸው አለችኝ። ሠላሳ አንደኛው በር መቶ ሃያ ሰባት ነው። ተከፈተ። ውስጡ የተቀመጠው ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ አንድ ነው።

«እሱስ ብቸኛ መሆኑን በምን አወቅሽ? እንደገና ማንኳኳት አለብሽ» አልኳት።

«ለምን? ለአባትየው ያልተከፈተ በር ለልጁ ይከፈታል እንዴ? እሱን የሚከፍለው ትንሽ ቁጥር ቢኖር ትልቁንም ይከፍለው ነበር።»

አሰብኩት። እውነቷን ነው። ጆሮዬ ላይ ያለው ሙቀት ለአንድ አፍታ ለቀቀኝ።

የቀራት ሁለቱን አባዝታ ማሳየት ነበር። መከራው የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ የመጣውም በእኔ በኩል ነው።

እኔ ማባዛት የተማርኩት ድንጋይ ላይ ነው። ባሌ ግንበኛ ነበር። ከወሎ ተነሥተን ሥራ ባለበት ሁሉ ስንዞር ኖረን መጨረሻችን መቐለ ሆነ፤ እዚህ ቤቱ ሁሉ ድንጋይ ስለሆነ ግንበኛ ሥራ አያጣም። እኔ በባሬላ ድንጋይ አመላልስ ነበር፤ ወገቤ ሲደክም ፎርማኑ ድንጋይ ቆጣሪ አደረገኝ። ፊደልንና አኀዝን ባሌ ነው ያስተማረኝ፣ ያልደረቀ ሲሚንቶ ላይ በሚስማር እየጻፈ። አሁንም ስጽፍ ቶሎ ቶሎ ነው፤ የሚደርቅብኝ ይመስለኛል። ማባዛትን ግን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። እሳቸው የማባዣ ሠንጠረዥ የሚባል አልነበራቸውም። ማጋመስና ማጠፍ ብቻ።

አንድ ግድግዳ አሥራ ሦስት ረድፍ አለው፣ እያንዳንዱ ረድፍ ሃያ አራት ድንጋይ ይፈልጋል እንበል። ሃያ አራትን በግራ፣ አሥራ ሦስትን በቀኝ ትጽፊያለሽ። የግራውን እያጋመስሽ ትወርጃለሽ፤ ሃያ አራት፣ አሥራ ሁለት፣ ስድስት፣ ሦስት፣ አንድ። ሦስት ሲጋመስ አንድ ጠጠር ይተርፋል፤ እሷ ለወፍ ትጣላለች። የቀኙን እያጠፍሽ ትወርጃለሽ፤ አሥራ ሦስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃምሳ ሁለት፣ መቶ አራት፣ ሁለት መቶ ስምንት። ከዚያ በግራ ጥንድ ቁጥር ያለበትን መስመር ሁሉ ከነጓደኛው ትሰርዣለሽ። ሃያ አራት፣ አሥራ ሁለትና ስድስት ይሰረዛሉ። በቀኝ የቀሩት መቶ አራትና ሁለት መቶ ስምንት ይደመራሉ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ድንጋይ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። በወረቀት የሚያባዛው ፎርማን ግን ስንቴ አሸዋ ላይ ድንጋይ አስተርፏል።

ጥንዱ ለምን እንደሚሰረዝ ሽማግሌውን ጠይቄያቸው «ጥንድ ክፉ ነው፣ ዝም ብለሽ ሰርዢ» አሉኝ። ዝም ብዬ ሰረዝኩ። ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ ትልቁ ቁጥር በግራ ይቅደም። እጅ ሲታጠብ ትልቅ ሰው አይደል የሚቀድመው፣ ቁጥርም እንደዚያ ነው አሉ። እሱንም ተቀበልኩ።

ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው ዓመታት ይቺ ልጅ ቤት ዋለች። እናቷ ሥራ የላት፣ ባንክ የለ፣ ስልክ የለ፣ መብራት አንድ ቀን ቢመጣ ሦስት ቀን የለ። ልጅ ደግሞ ሥራ ካጣ ያስፈራል፤ ዓይኑ እየፈዘዘ ይሄዳል። እኔ ያለኝ አንድ ነገር ነው። ግቢው ውስጥ ጠጠር ለቅሜ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ የሽማግሌውን ስሌት አስተማርኳት። ትልቁን አስቀድሚ፣ ጥንዱን ሰርዢ። እሷ እንደ እኔ ዝም ብላ አልተቀበለችም፤ ለምን ይሰረዛል እያለች ስንት ቀን ጠጠር ስታሰልፍ ቆየች። በኋላ ትምህርት ተከፈተ፣ የትምህርት ቤቱንም ማባዛት ተማረች። ትልቅ ቁጥር ሲመጣ ግን እጇ የሚሄደው ወደ ጠጠሩ ነው።

ፈተናው ላይ ያደረገችው ይሄንኑ ነው። ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ አንድን በግራ፣ መቶ ሃያ ሰባትን በቀኝ። አሥራ አራት መስመር ወረደች። ከአሥራ አራቱ አምስቱ ጥንድ ሆኑ፤ 4860፣ 2430፣ 18፣ 4፣ 2። አምስቱን ከነጓደኞቻቸው ሰረዘች። የቀሩትን ዘጠኝ ደመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ ሰባት የሚሄደው ቁጥር ተመልሶ መጣ። ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረች። ንጹሕ ሥራ ነው። ለእኔ ዓይን እንደ ተጠረበ ማዕዘን ነው።

መምህሩ ያየው ግን አምስት የተሰረዘ መስመር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁ። ሲከፋኝ መቀመጥ አልችልም፣ እግሬ ይወስደኛል፤ ስደሰትም ይወስደኛል፣ ልጄ «ሰውነትሽ የተሠራው ከመንገድ ነው» ትላለች። እስከ ዓይናለም ሄድኩ። የከተማው ውኃ የሚወጣበት ጉድጓድ አካባቢ ውኃ ጫኝ መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት አቧራ ላይ ተቀመጥኩና እንጨት አንሥቼ ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት። ልክ ነው። ሌላ ጊዜ ሠራሁት፣ ልክ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ግን፣ እንደው እጄ ሥራ ስለፈለገ እንጂ አስቤው አይደለም፣ ትንሹን አስቀደምኩት።

መቶ ሃያ ሰባት። ስድሳ ሦስት። ሠላሳ አንድ። አሥራ አምስት። ሰባት። ሦስት። አንድ።

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሰባት መስመር፣ ሰባቱም ጎዶሎ። አንድም የሚሰረዝ የለም። የቀኙን ሰባቱን እንዳለ ደመርኩት፤ ያው ቁጥር መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ስቆጥር እንዲህ ያለ ቁጥር ገጥሞኝ አያውቅም፤ ገጥሞኝም ከሆነ ሁልጊዜ ትልቁን ስለማስቀድም አላየሁትም። እንዲህ ብትጽፈው ኖሮ ወረቀቷ ላይ አንዲት ሰረዝ አትኖርም ነበር። መምህሩ የሚይዘው አያገኝም ነበር። ትልቁ ይቅደም ብዬ ያሰርኳት እኔ ነኝ።

አንድ የውኃ ቦቴ ሹፌር መስኮቱን አውርዶ፣ እዚህ እናቴ እንደሚባለው፣ «ኣደይ፣ ምን እየጻፉ ነው? መሬቱን ሊከሱት ነው?» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅለት ነበር። ፊቴን አይቶ መስኮቱን ዘጋው።

ቤት ስገባ ልጅቷ ልብስ እያጠበች ነው። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ትንሹን ብታስቀድሚ እኮ ምንም አይሰረዝም አልኳት።

«አውቄዋለሁ» አለች፣ እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ። «ከመቶ ሃያ ስምንት አንድ ብቻ ነው የሚጎድለው። መቶ ሃያ ስምንት እስከ መጨረሻው እየተጋመሰ ይወርዳል፣ አንድ ሲጎድለው ግን ሁሌም ጎዶሎ ነው።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልጻፍሽውም?»

«አንቺ ትልቁ ይቅደም አላልሽኝም?»

ምን ልበላችሁ። ያን ጊዜ ቁጣዬ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ወደ ውጪ፣ አንዱ ወደ ውስጥ። የውስጡን ዋጥኩት፣ ዛሬም እዚያው አለ። የውጪውን ይዤ ሰኞን ጠበቅሁ። ልጄ፣ የልጅቷ እናት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ነው የምትሠራው፤ ከመስመሯ ተነሥታ መምጣት አትችልም። «አንቺ ሂጂ፣ ግን አትለማመጪ» አለችኝ። ለእኔ ነው እንዲህ የምትለው።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ያውቀኛል። ደኅና ማደሬን ጠይቆ «ከመይ ሓዲርክን፣ ኣደይ። ዛሬ ማንን ሊመርቁ ነው?» አለ።

«ዛሬ ምርቃት አልያዝኩም» አልኩትና አለፍኩ።

መምህሩ ወጣት ነው። ቀጭን፣ የሸሚዙ እጅጌ ጠመኔ የነካው። ከርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ወረቀት ሊያስፈርም ገብቶ ነው ያገኘሁት፤ ሁለቱንም አንድ ላይ በማግኘቴ ደስ አለኝ። ወንበር ሰጡኝ። አልተቀመጥኩም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ይሄን ዜሮ የሰጠኸው አንተ ነህ?»

አየው። «አዎ፣ ኣደይ። ጥሩ ተማሪ ናት፣ እኔም አዝኛለሁ። ግን የተሰረዘ ነገር አይታረምም። ደንብ ነው።»

«የማን ደንብ?»

«ድሮም ያለ ነው። እኛም እንደዚያ ነው የተማርነው።»

«እኔም ያስተማርኳት ድሮ ያለውን ነው። ማን ይበልጣል፣ የአንተ ድሮ ነው የእኔ?»

ርዕሰ መምህርቷ ሳቋን በወረቀት ሸፈነች። መምህሩ ግን አልሳቀም። «ኣደይ፣ መቶ ሃያ ሰባትን ከየት አመጣችው? ክፍሉ ውስጥ ያገኘው የለም፤ የበለጧትም ሁለቱ ለሙከራቸው ባገኙት ነጥብ ነው። ከስልክ ነው ብዬ ነው። ከስልክ ቀድታ ከዚያ ሥራ ለማስመሰል የሞነጫጨረችው መሰለኝ።»

መሞከሪያ ወረቀቷን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ሰጠሁት። ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ትራፊ ከጎኑ። በጣቱ አንዱን ተከትሎ ሄደ፣ ሁለተኛውን ተከትሎ ሄደ። አንገቱ ቀላ።

«ይሄን አላየሁም» አለ።

«አልጠየቅኻትም። ከአንተ ጠረጴዛ እሷ እስከምትቀመጥበት ስንት እርምጃ ነው? ጎበዝ ተማሪ ናት አልክ። ጎበዝ ተማሪ አምስት መስመር ሰርዛ ስታገኝ ‹ምን ሆነሽ ነው› አይባልም? ድንጋይ እኮ ሲሰነጠቅ እንኳ ግንበኛ ጎንበስ ብሎ ያየዋል። ሌባ ብለህ ጻፍክባት። እሷ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ትሰማኛለህ? በቀይ ጽፈህባት ሄደህ ምሳህን በላህ።»

ድምፄ አልጨመረም። እኔ ስቆጣ ድምፄ ይቀንሳል መሰለኝ፤ ሁለቱም ለመስማት አንገታቸውን አስግገው ነበር።

«እማማ፣ በእርግጥ ይሄ አሠራር... እኛ የምናውቀው አይደለም፤ የድንጋይ ሥራ ሌላ፣ ፈተና ሌላ» አለ። ከኣደይ ወደ እማማ መውረዱን ልብ አልኩ። ሲጨንቀው ነው።

ርዕሰ መምህርቷ ተነሣች። «ልጅቷ ትጠራ። ሰሌዳው ላይ ትሥራው።»

ልጅቷ መጣች። ቢሮው ውስጥ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አለ፣ የስብሰባ ቀን የሚጻፍበት። ጠመኔ ሰጧት። እኔ ጠጋ ብዬ በጆሮዋ «በትንሹ ጀምሪ። ሰባት መስመር፣ ምንም አይሰረዝም፣ ንጹሕ ይሆናል» አልኳት። ያን ያልኩት ፈርቼ ነው። ቁጣም ይፈራል።

«አይሆንም፣ ዓባየይ። እንደጻፍኩት ነው የምጽፈው» አለችኝ፣ ሁሉም እየሰማ።

ትልቁን በግራ ጻፈች። አሥራ አራቱንም መስመር አወረደች። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረች።

«ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ አንድ ጎዶሎ ነው፣ መምህር። ሳጋምሰው አንድ ይተርፈኛል፣ ያቺን አንድ እጥላታለሁ። ግን ብቻዋን አይደለም የምትወድቀው፤ በቀኝ ያለውን መቶ ሃያ ሰባት ይዛ ነው የምትወድቀው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ እንድመልሰው ሳልነካ እተወዋለሁ።» ሁለተኛው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «አራት ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ ጥንድ ነው። እኩል ተካፈለ። ምንም አልጣልኩም። ያልጣልኩትን ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ሰረዘችው፣ ከግራ እስከ ቀኝ፣ ጠመኔው እስኪንጫጫ። «ተሳስቼ አይደለም የሰረዝኩት። አስቤ ነው።»

እኔ ያን ምክንያት ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ጥንድ ክፉ ነው ብዬ ስሰርዝ ኖሬያለሁ። ለካ ክፋት የለበትም፤ የሚመለስለት የሌለው ነው። ያቺ ልጅ ጠጠር ስታሰልፍ የዋለችው ለዚህ ነው፤ ለእኔ ሳትነግረኝ የቀረችውም ሽማግሌዬን ላለማሳፈር መሆን አለበት።

ሦስተኛውን ስትሰርዝ መምህሩ ከወንበሩ ተነሣ። አራተኛውን እሱ ራሱ «አራት፣ ጥንድ» አለ፣ ቀስ ብሎ። አምስተኛውን አብረው ሰረዙት ማለት ይቻላል። ርዕሰ መምህርቷ የቀሩትን ዘጠኝ በስልኳ ደመረች። ስልኩን ለመምህሩ አሳየችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

«ልክ ነው» አለ መምህሩ። ከዚያ አላስቻለውም፤ «ግን ሰረዝ ባታደርጊበት፣ ከጎኑ ትንሽ ምልክት ብታደርጊ እኮ...»

«መምህር» አልኩት። ተወው። እስክሪብቶውን አወጣ፤ ቀይ ነው። ዜሮውን ሊሰርዝ ሲል እጁ ቆመ። ልጅቷ አየችው። እሱም አያት። ሰረዘውና ሙሉውን ነጥብ ጻፈ፣ «የተቀዳ» የሚለውንም በሁለት መስመር አጠፋ፣ ከሥሩ ፈረመ። ይቅርታ አለ። ለእኔ ነበር የሚለው፤ በዓይኔ ወደ ልጅቷ መራሁት፣ ለእሷም አለ።

ርዕሰ መምህርቷ ደብዳቤ ለመጻፍ ወረቀት ሳበች። «ሙሉ አምጥታለች፤ ከእንግዲህ ማንም አይበልጣትም። ስሟ ዛሬ ይሄዳል፣ እኔ ራሴ እደውላለሁ» አለች። ከዚያ ብዕሯ ቆመ። «አንድ ችግር አለ። የሚሄዱት ሁለት ናቸው። እሷ ስትገባ ሁለተኛ የነበረው ልጅ ሦስተኛ ይሆናል። ለቤተሰቦቹ ተነግሯቸዋል።»

ልጅቷ ጠመኔውን አስቀመጠች። ደስታዋ ፊቷ ላይ ሊወጣ ሲል መንገድ ላይ ሲቀር አየሁት። የተናደድኩት የዚያን ጊዜ ነው፤ ያለፈው ሁሉ መሟሟቂያ ነበር። መጀመሪያ የራሷን ወሰዱባት፤ አሁን ሲመልሱላት የሌላ ልጅ አስመስለው ሰጧት።

«የሌሎቹ ወረቀት የት ነው?» አልኩ።

«የትኞቹ?» አለ መምህሩ።

«የተሰረዘ አይታረምም ብለህ ያለፍካቸው። አንድ እሷ ብቻ አይደለችም የሰረዘችው። ማን እንደሚወድቅ የምታውቁት ሁሉንም አይታችሁ ነው። ያ ልጅ ሦስተኛ የሚሆን ከሆነ በደንብ ታይቶ ይሁን፣ ሁለተኛም የሚሆን ካለ በደንብ ታይቶ ይሁን።»

«ኣደይ፣ የአራት ክፍል ወረቀት ነው። ካርቶን ሙሉ።»

«ድንጋይ ቆጣሪ ነበርኩ። ካርቶን አያስፈራኝም።» ያን ጊዜ ነው ወንበሩን ስቤ የተቀመጥኩት።

ርዕሰ መምህርቷ መምህሩን አየችው። ቁና ቁና እየተነፈሰ ሄዶ ካርቶኑን አመጣ፣ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሰረዝ ያለባቸውን መለየት ጀመሩ፣ እሱና ልጅቷ፣ ሁለቱም መሬት ላይ ተንበርክከው። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የተሰረዘው እንዲያው ስሕተት ነበር፣ ዝም ብሎ ስሕተት፤ በዚያም ተናደድኩ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ቆመች።

«መምህር፣ ይሄ ልጅ ልክ ነበር። መቶ ሃያ ሰባትን አግኝቶት ነበር። ከዚያ ሰረዘና ብቸኛ ነው ብሎ ጻፈ።»

መምህሩ ወረቀቱን ተቀበላት። «እሱማ ራሱ ትቶታል። ለተወው መልስ ነጥብ አይሰጥም። ይሄኛው ደንብ ትክክል ነው።»

«ለምን ተወው?» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

እኔ ከወንበሬ ሆኜ አየሁት። መምህሩ ወረቀቱን አገላበጠ፣ ስሙን አነበበ፣ አቧራውን ከጉልበቱ አራገፈና ልጁን ሊጠራ ወጣ። ርዕሰ መምህርቷ ሻይ ላስመጣልዎ አለችኝ። አልጠጣም አልኳት። ገና ብዙ ወረቀት ይቀራል፤ ልጅቷም አራተኛውን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞራለች።